ጽሑፉ የተደረበ ሳንቲም ሁሉ ውድ አይደለም፦ እውነተኛውን ከአስመሳዩ እንዴት እንለያለን?

ዛሬ ገበያ ስለሌለ ዋጋ አንለጥፍም፤ በምትኩ ስለ ደረጃ ምዘና አንድ ትምህርት ይዘናል። ምሳሌያችን ቡናም ሰሊጥም ሳይሆን የአሜሪካ ሳንቲም ነው። "ጽሑፉ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚታይ ሳንቲም በሺህ ዶላር ይሸጣል" የሚል ወሬ ሳትሰሙ አትቀሩም። ወሬው ግማሹ እውነት ነው። ገንዘብ የሚያስበላው ሌላው ግማሹ ነው።

📌 ውዱ የቱ ነው?

ሳንቲም የሚመታው ዳይ በሚባል የብረት ማህተም ነው። ዳዩ ራሱ የሚሠራው ደግሞ ምስሉ ጎልቶ የወጣበት ሌላ ብረት (ሃብ ይሉታል) በከባድ ኃይል ሲጫንበት ነው። በድሮው አሠራር አንድ ጊዜ መጫን አይበቃም ነበር፤ ዳዩ በእሳት ለስልሶ እንደገና ይጫናል። በሁለተኛው ጊዜ ሃቡ ትንሽ ዞር ካለ፣ ዳዩ ላይ ሁለት ምስል ተደርቦ ይቀረጻል። ከዚያ በኋላ በዚያ ዳይ የተመታ ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ድርብ ምስል ይዞ ይወጣል።

ታዋቂው በፈረንጆቹ 1955 ፊላዴልፊያ የተመታው፣ ሊንከን ያለበት ባለ1 ሳንቲም ነው። ዓመተ ምሕረቱም፣ "ሊበርቲ" የሚለው ቃልም፣ ከላይ ያለው ጽሑፍም በባዶ ዓይን ተደርበው ይታያሉ። ስህተቱ ሲታወቅ ብዙዎቹ ከደህናዎቹ ጋር ተቀላቅለው ነበር፤ ሁሉንም ከማቅለጥ ይለቀቁ ተባለ። ከ20,000 እስከ 24,000 የሚሆኑት እንደወጡ ይገመታል። ዛሬ ያገለገለው እንኳ፣ ጉዳት ከሌለበት፣ በአብዛኛው ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣል።

📌 አስመሳዮቹ

1. የማሽን መንሸራተት፦ ዳዩ ደህና ነው፤ ግን ማሽኑ ላይ ላላ ብሎ ተቀምጧል። ሳንቲሙን መትቶ ሲነሳ ይንሸራተትና ፊደሉን ገፍቶ ያበላሸዋል። በጣም የተለመደ ነው፣ ተጨማሪ ዋጋ የለውም።

2. ያረጀ ዳይ፦ ብዙ የመታ ዳይ ጠርዙ ይበላል፤ ፊደሉ ያበጠና የደበዘዘ ጥላ ያወጣል። እዚያው 1955 ላይ የመጨረሻዋ 5 ብቻ የተደረበች የምትመስልበት ሳንቲም አለ። አሜሪካኖቹ "የድሃ ድርብ" ብለው ይቀልዱበታል። ዓመቱ ያው ነው፣ ዋጋው ግን ቢበዛ ጥቂት ዶላር ነው።

3. የተሰነጠቀ ልባስ፦ ከ1982 ወዲህ ባለ1 ሳንቲሙ ውስጡ ዚንክ ሆኖ ላዩን ስስ መዳብ የለበሰ ነው። ልባሱ ፊደሉ አጠገብ ሲሰነጠቅ ዚንኩ ብቅ ይልና ሁለተኛ መስመር ይመስላል።

📌 እንዴት ይለያል?

10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽርና ጥሩ ብርሃን ይበቃል።

✅ ከፍታውን እዩ። በእውነተኛው ሁለተኛው ምስልም እንደ መጀመሪያው ጎልቶና ክብ ብሎ ይወጣል። የማሽን መንሸራተት ግን ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ደረጃ። ብዙ ጊዜም ያብለጨልጫል።

✅ ውፍረቱን እዩ። እውነተኛው ፊደሉን ያሰፋዋል። መንሸራተቱ ግን ከራሱ ከፊደሉ ላይ ነው የሚቆርሰው፤ ስለዚህ ዋናው ፊደል ይቀጥናል።

✅ የፊደሉን ጫፍ እዩ። በእውነተኛው ማዕዘኑ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ጥርት ያለ ምልክት ይኖራል። ያረጀ ዳይ ይህን አያሳይም፤ ድብዝዝ ብቻ ነው።

✅ የማምረቻውን ፊደል እዩ። እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ ይህ ፊደል በየዳዩ ላይ ለብቻው በእጅ ይመታ ነበር፤ ስለዚህ የሃቡ ስህተት አይነካውም። በ1969 የሳን ፍራንሲስኮ ውድ ሳንቲም ላይ ዓመቱና ጽሑፉ ተደርበዋል፣ "ኤስ" ፊደሉ ግን ነጠላ ነው። ፊደሉም ዓመቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከተደረቡ የማሽን መንሸራተት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

✅ ሐሰተኛም አለ። በእውነተኛው የ1955 ሳንቲም ጀርባ፣ "ሴንት" በሚለው ቃል ውስጥ ካለችው "ቲ" በስተግራ ቀጫጭን የጭረት መስመሮች አሉ። እነሱ ከሌሉ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አቆዩ።

📌 ለእኛ ምን ይነግረናል?

ሁለት ሳንቲም ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ አንዱ ሺህ ዶላር፣ ሌላው አንድ ሳንቲም። ዋጋውን የለየው መልኩ ሳይሆን መልኩን ያመጣው ምክንያት ነው። ቡናም ላይ ይህን እናውቃለን፦ አንዱ በአግባቡ የደረቀ፣ ሌላው እርጥበት ይዞ የከረመ ናሙና ቀለማቸው ተመሳስሎ ቅምሻ ላይ ይለያያሉ። በፎቶ ብቻ ዋጋ የቆረጠ ነጋዴ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።

ሳንቲሙ እጃችሁ ከገባ አትጠቡት፣ አትወልውሉት፤ የታጠበ ሳንቲም ዋጋው ይወርዳል። መጀመሪያ በመነጽር አጣሩ፣ ከታወቀው ዳይ ፎቶ ጋር አስተያዩ። ካለፈ ብቻ እንደ ፒሲጂኤስ ወይም ኤንጂሲ ላሉ መዛኞች ላኩ፤ የሌላው የምዘና ክፍያ ከራሱ ከሳንቲሙ ዋጋ ይበልጣል።

መልካም የሥራ ሳምንት።