ከሱስ ለመውጣት ለምትታገል ልጄ

ልጄ፣ በሞያሌ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ጫት የብዙ ቤት እንጀራ ነው፤ ሕጉም አይከለክለውም። ማንም አስገድዶ አያስተውህምና የልቤን ልምከርህ።

1. የያዘህን እወቀው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ነጋዴው በመኪና የሚያስከንፈው። ካቲኖን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንዲበዛ ያደርጋል። ዶፓሚን አንጎልን «ይህን ድገመው» የሚያሰኝ ንጥረ ነገር ነው፤ ፈጣሪ ለምግብ፣ ለፍቅርና ለሥራ እንዲያተጋን የሰጠን። በየቀኑ ከልክ ሲያልፍ ግን አንጎል ይለምደዋል፤ ምርቃናው እያጠረ ድብርቱ እየረዘመ ይሄዳል።

2. ሐራራን ከውድቀት ለይ። አንጎልህ የበርጫውን ሰዓት፣ ቤቱንና ጓደኞችህን ከደስታው ጋር አስሯቸዋል። ሰዓቱ ሲደርስ ሰውነትህ ቢጠይቅህ ፈተና መጣ እንጂ ኃጢአት አልሠራህም። ተነሣ፣ ውኃ ጠጣ፣ ጸልይ፣ ከቤት ውጣ። ሐራራ ይበረታል፤ ከዚያ ያልፋል።

3. ውሎህን ቀይር። ቬትናም ሳሉ ሄሮይን ሱስ የሆነባቸውን የአሜሪካ ወታደሮች ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ በ1970ዎቹ ተከታትላ ነበር። አገራቸው ሲገቡ አብዛኞቹ ወደ ሱሱ አልተመለሱም። አንተ ከሞያሌ መውጣት ባትችል ከበርጫው ቤት መውጣት ትችላለህ። ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት በሥራ ወይም በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሙላው።

4. በጨብሲው ተጠንቀቅ። ምርቃናውን ለመስበር የተጀመረ መጠጥ ሁለተኛ ሱስ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊያንዘፈዝፈው፣ ሊያቃዠው፣ ሊገድለውም ይችላል። እንዲህ ከሆንክ አስቀድመህ ሐኪም አማክር። ጸበሉንና መድኃኒቱን የሚያጣላቸው የለም፤ የሐኪምንም እጅ የሚባርከው እግዚአብሔር ነው።

5. አትቸኩል። ሰኔ 24 የምናስበው ሙሴ ጸሊም ሽፍታ ነበር። ወደ ገዳመ አስቄጥስ ከገባ በኋላም የቀድሞ ፍላጎቱ ለዓመታት ታገለው። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል አባ ኤስድሮስ ሰገነት ላይ አውጥቶ ጎሕ ሲቀድ አሳየው፤ ብርሃን ጨለማውን ቀስ በቀስ እንደሚያስለቅቀው ሁሉ ነፍስም እንዲሁ ናት አለው። የአንጎል ምርመራም ይህንኑ ይመሰክራል፦ የካቲኖን ዘመድ የሆነውን ሜታምፌታሚን በሚወስዱ ሰዎች ላይ የተጎዳው የዶፓሚን ሥርዓት ከዓመት በላይ ሲታቀቡ ጉልህ ማገገም አሳይቷል።

6. ብትወድቅ አትደበቅ። ሱስ የሚደልበው በምስጢር ነው። በዚያው ዕለት ለንስሐ አባትህ ወይም ለሚወድህ ሰው ተናገር። አንድ ቀን መቃምህ ያለፈውን ድካምህን ሁሉ አያጠፋውም፤ ነገ ግን እንዳትደግመው።

ልጄ፣ አንጎልህ ይድናል፤ እግዚአብሔርም አልተወህም። ይህን ምክር አንብበህ አታስቀምጠው፤ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው «እርዳኝ» በል።