የልጅዎ የክትባት ካርድ በነሐሴ ሳይሆን በሰኔ ይታይ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አብዛኛው ትምህርት ቤት የሚከፈተው ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት የልጆች ክሊኒኮች ይጨናነቃሉ፤ ቀጠሮ ቢገኝም እርስዎ ሥራ በሚገቡበት ሰዓት ይሆናል። ክትባቱ ያልተሟላ ልጅ ከክፍል ሊመለስ ይችላል፤ ልጅ ቤት ሲውል ደግሞ አንድ ወላጅ ከሥራ ይቀራል። ስለዚህ ካርዱን አሁኑኑ ያውጡት።

ከአገር ቤት በመጣ ካርድ ላይ ቀኑ ብዙውን ጊዜ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። «12/03/2010» ሲል እኛ ኅዳር 12 ቀን 2010 ብለን እናነበዋለን፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 2017 ማለት ነው። የአሜሪካ ነርስ ግን ዲሴምበር 3 ቀን 2010 ብላ ታነበዋለች። ልጁ በ2017 ከተወለደ፣ ሳይወለድ ሰባት ዓመት ቀድሞ ተከተበ እንደማለት ነው፤ ክትባቱ እንዳልተሰጠ ተቆጥሮ ልጁ እንደገና ይወጋል። ካርዱ ላይ ራሱ ምንም አይጻፉ፣ ምንም አይሰርዙ። በሌላ ወረቀት የክትባቱን ስም፣ የኢትዮጵያውን ቀንና የፈረንጁን ቀን ጎን ለጎን አድርገው ይጻፉና ከካርዱ ጋር ይስጡ።

በቪዛ የመጡ ቤተሰቦች ደግሞ የሚረሱት አንድ ወረቀት አለ። ለኢሚግራንት ቪዛ በተደረገው የጤና ምርመራ ላይ ልጁ የተከተበው ዲኤስ-3025 በሚባል ቅጽ ላይ ይመዘገባል። በእንግሊዝኛ ነው፣ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ኮፒው እጅዎ ላይ ካለ ለነርሷ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን ነው።

አገር ቤት በደንብ ተከትቦ የመጣ ልጅ ለምን እንደገና እንደሚከተብ የማይገባው ወላጅ ብዙ ነው፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ይሰጣል፤ ኩፍኝ በብዛት በሚነሳበት አገር ይህ ሕፃኑን ቶሎ ይታደጋል። አሜሪካ ግን ልጁ ዓመት ሳይሞላው የወሰደውን አትቆጥርም። በዚያ ላይ የአገር ቤቱ ለረጅም ጊዜ ኩፍኝን ብቻ የሚከላከል ነበር፤ እዚህ የሚጠየቀው ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን በአንድ ላይ የሚከላከለው ኤምኤምአር ነው፣ እሱም ሁለት ጊዜ። ከኤፕሪል 2016 ወዲህ በአፍ የተሰጠ የፖሊዮ ጠብታም አይቆጠርም፤ በዚያን ጊዜ ከሦስቱ የፖሊዮ ዓይነቶች አንዱ ከጠብታው ወጥቷልና። በመርፌ የተሰጠው ይቆጠራል። ቺክን ፖክስ ደግሞ በኢትዮጵያ መደበኛ ክትባት ውስጥ ስለሌለ ከመጀመሪያው ይወሰዳል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የተሰጠው ፔንታ የተባለው ጥምር ክትባት ግን ለትክትክ፣ ለዘጊ አናዳና ለመንጋጋ ቆልፍ ይቆጠራል፤ ለጉበቱ ሄፓታይተስ ቢ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ይጨመራል። ካርዱ ከጠፋም አይደንግጡ። ድጋሚ መከተብ ልጁን አይጎዳም፤ ለኩፍኝና ለቺክን ፖክስ የደም ምርመራ ማድረግ ይቻል እንደሆነም ሐኪሙን ይጠይቁ።

ልጁ 11 ወይም 12 ዓመት ሲሞላው ሌላ ዙር ይመጣል። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ለ7ኛ ክፍል የመንጋጋ ቆልፍና ትክትክ ማጠናከሪያውን እንዲሁም የማጅራት ገትር ክትባትን ይጠይቃሉ። ወላጆች የሚያመነቱት ኤችፒቪ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ለልጃገረዶች የጀመረችው ይህ ክትባት የማኅፀን በር ካንሰርን ይከላከላል፤ እዚህ ለወንዶችም የሚሰጠው እነሱንም ከሚይዙ ካንሰሮች ስለሚጠብቅ ነው። ከ15 ዓመት በፊት ከተጀመረ ሁለት መርፌ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ይሆናል። «ገና ሕፃን ናት» ብለው አያቆዩት፤ ሰውነቷ ክትባቱን በተሻለ የሚቀበለው በዚያ ዕድሜ ነው።

ኢንሹራንስ የለኝም ብሎ ቤት መቀመጥ አያስፈልግም። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ቫክሲንስ ፎር ቺልድረን የተባለው የፌዴራል ፕሮግራም ኢንሹራንስ ለሌላቸውና በሜዲኬይድ ለታቀፉ፣ 19 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ክትባቱን በነፃ ይሰጣል። የመኖሪያ ፈቃድ መስፈርቱ ውስጥ የለም። ክሊኒኩ ለመርፌ መውጊያ ትንሽ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል፤ መክፈል ካልቻሉ ግን በዚህ ምክንያት ክትባቱን ሊከለክል አይችልም። ኢንሹራንስ እንደሌለዎት ቀጠሮ ሲይዙ በስልክ ይንገሯቸው።

ከሥራ ፈቃድ መውሰድን በተመለከተ፣ በዲሲና በሜሪላንድ ሕግ ሠራተኛ ያጠራቀመውን የሕመም ፈቃድ ልጁን ለክትባት ለመውሰድም ሊጠቀምበት ይችላል። በሜሪላንድ በሳምንት ቢያንስ 12 ሰዓት የሚሠራ በየ30 ሰዓቱ አንድ ሰዓት ያጠራቅማል፤ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ፈቃዱን በክፍያ ይሰጣል። ለአለቃዎ ቀደም ብለው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የቴክስት መልእክትም ቢሆን ማስረጃ ነው። ኡበርና ታክሲ ለሚነዱ ይህ ሕግ ስለማይደርሳቸው የቅዳሜ ወይም የማታ ቀጠሮ ያለው ክሊኒክ መፈለግ ነው የሚያዋጣው። በአንድ ቀን ብዙ ክትባት መውሰድ ስለሚቻል፣ «ዛሬ የሚቻለው ሁሉ ይሰጠው» ብለው ይጠይቁ።

የፍሉ ክትባት በየዓመቱ ይደገማል፤ ኦክቶበር ሳያልቅ ቢሰጥ ጥሩ ነው፣ መከላከል እስኪጀምር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃልና። ዕድሜው ከ9 ዓመት በታች ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስድ ልጅ በአራት ሳምንት ልዩነት ሁለት ያስፈልገዋል። ሁለተኛውን ቀጠሮ እዚያው ሆነው ይያዙ።

ክሊኒክ ሲገቡ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ ክሊኒክ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት። ሲወጡም የታተመ የክትባት መዝገብ በሁለት ቅጂ ይቀበሉ፦ አንዱ ለትምህርት ቤቱ ነርስ፣ አንዱ ለቤት። የልጁ ስምና የልደት ቀን በትክክል መጻፉን እዚያው ቆመው ያረጋግጡ።