ሴቶች በፖለቲካ ፓርቲ መሪነት

የፖለቲካ ፓርቲ ማለት በአገር አስተዳደር ነገር አንድ ዐሳብ ያላቸው ሰዎች በሕግ ተመዝግበው የሚያቆሙት ማኅበር ነው። ፓርቲው ዕጩ ያቀርባል፤ ሕዝብ ድምፅ ይሰጣል፤ በምክር ቤት ብዙ መቀመጫ ያገኘውም መንግሥት ያቆማል። እንግዲህ ወደ ምክር ቤት የሚገባውን ሰው ሕዝብ ከመምረጡ አስቀድሞ ፓርቲው መርጦታል ማለት ነው። ስለዚህ ሴቶች በአገር አስተዳደር ያላቸውን ድርሻ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ በምክር ቤት ስንት ሴቶች እንዳሉ መቍጠር ብቻ አይበቃውም፤ ዕጩ በሚለይበት በፓርቲው ጉባኤ ላይ ሴቶች በምን ሥፍራ እንደ ተቀመጡ ሊመረምር ይገባዋል።

በቀድሞ ዘመን

በዳባትና በደባርቅ፣ ከሊማሊሞ ዳገት በታችም በዛሪማና በዐዲ አርቃይ ለሚኖር ሕዝብ ሴት አገር ስትመራ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። እቴጌ ምንትዋብ ከቋራ ወጥተው በ1723 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ዘውድ ጭነዋል፤ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ስለ ነበሩም መንግሥቱን በሞግዚትነት አስተዳድረዋል። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ደግሞ የዘር ሐረጋቸው ከሰሜን ነው፤ አባታቸው ራስ ብጡል የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወንድም ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ሆነው ሥልጣናቸውን ቢያጡም፣ የወንድማቸው ልጅ ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አግብተው በ1882 ዓ.ም. እቴጌ ተባሉ።

እቴጌ ጣይቱ በስም ብቻ እቴጌ አልነበሩም። ኢጣልያ በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ኢትዮጵያን በጥገኝነት ለመያዝ ባሰበች ጊዜ አጥብቀው ተከራክረዋል። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ዘመቻም የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘምተዋል፤ በመቀሌ የጠላት ጦር መሽጎ በተቀመጠ ጊዜ የሚጠጣው ውኃ እንዲያዝበት ያደረጉ እርሳቸው ናቸው።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ሥልጣን የተመሠረተው በትውልድና በጋብቻ ላይ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ታመው ከተኙ በኋላ፣ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አስወገዷቸው። ዕውቀታቸው አልጐደለም፤ ብልኃታቸውም አልደከመም። የጐደላቸው በሕግ የተጻፈ ሥልጣንና ስለ እርሳቸው ቆሞ የሚከራከር፣ በምርጫ የተቋቋመ ማኅበር ነበር። ከእርሳቸው በኋላ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. የነገሡት ንግሥት ዘውዲቱም ዘውዱን ያገኙት የዳግማዊ ምኒልክ ልጅ በመሆናቸው ነው። በባልና በአባት የመጣ ሥልጣን ባል ሲታመም፣ አባት ሲሞት የሚናወጥ መሆኑን የሁሉም ታሪክ ያስረዳል።

ድምፅ የመስጠት መብት

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጠ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በሕዝብ ተመርጠው ወደ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያይቱ ሴት ሆኑ። እርሳቸው የጎንደር ከንቲባ የነበሩት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ በጠላት ዘመን ታስረው ወደ ኢጣልያ የተጋዙ፣ ከነፃነትም በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ መምህርት ነበሩ። መምህራን ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ የመጀመሪያይቱ ሴት እንደራሴ ወደ ምክር ቤት የገቡት ከትምህርት ቤት ወጥተው ነው። ሆኖም በዚያ ዘመን የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረምና እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በግሉ ይቀርብ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል መሆናቸውን ደነገገ፤ ካለፈው በደል የተነሣ ወደ ኋላ ስለ ቀሩም በፖለቲካና በኑሮ እኩል ይወዳደሩ ዘንድ ልዩ ድጋፍ እንዲደረግላቸው አዘዘ። ፓርቲዎችም በሕግ ተመዝግበው መወዳደር ጀመሩ። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ አስቀድሞ በሥልጣን ላይ የነበረው ኢሕአዴግ ከዕጩዎቹ መካከል ከመቶ 30 እጅ ሴቶች እንዲሆኑ ወሰነ። 547 መቀመጫ ባለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ1992 ዓ.ም. ምርጫ 42 ሴቶች ገብተው ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. 152፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 212 ሆኑ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ ሕግም የመንግሥት ድጋፍ ለፓርቲዎች ሲከፋፈል ሴት ዕጩዎችን ማቅረባቸው እንዲታሰብ አደረገ። በዕጩዎች ዝርዝር ላይ የሚደረግ ውሳኔ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ ይታያል።

ቍጥርና መሪነት

ይሁን እንጂ በምክር ቤት መቀመጥና ፓርቲ መምራት አንድ አይደሉም። ፓርቲን በሊቀ መንበርነት የመሩ ሴቶች ጥቂቶች ናቸው። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ዳኛ ነበሩ፤ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የቅንጅት አመራር ሆኑ፤ ከምርጫው በኋላም ታሰሩ። ከተፈቱ በኋላ በ2000 ዓ.ም. አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ የተባለው ፓርቲ ሊቀ መንበር አድርጎ መረጣቸው። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. እንደ ገና ታስረው በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ተፈቱ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ፤ በ2015 ዓ.ም. ከሥራው ለቀቁ። ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚልም በ2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነዋል፤ በዚያው ዓመት ከአራቱ የኢሕአዴግ አባል ድርጅቶች አንዱ የነበረውን ደኢሕዴንን በሊቀ መንበርነት ይዘዋል።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከተሾሙት 20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ነበሩ፤ በዚያው ወር ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግለዋል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በመጋቢት 2014 ዓ.ም. የብልጽግና ፓርቲ በመጀመሪያ ጉባኤው አንድ ፕሬዚዳንትና ሁለት ምክትሎች በመረጠ ጊዜ ሦስቱም ወንዶች ነበሩ። ሹመት ሿሚው በፈቀደ ጊዜ ይሰጣል፤ ባልፈቀደም ጊዜ ይነሣል። በጉባኤ ድምፅ የሚገኝ የፓርቲ መሪነት ግን ሿሚ የሚያደርግ ነው።

ስለዚህ ነገር የሲሎን አገር ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ አገሪቱ ዛሬ ስሪ ላንካ ትባላለች። ወይዘሮ ሲሪማቮ ባንዳራናይኬ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ባላቸው በ1952 ዓ.ም. መጀመሪያ ተገደሉባቸው። እርሳቸውም የባላቸውን ፓርቲ መርተው በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በምርጫ ድል አደረጉ፤ በዓለም የመጀመሪያይቱ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትርም ሆኑ። በ1957 ዓ.ም. በምርጫ ተሸንፈው ወረዱ፤ በ1962 ዓ.ም. እንደ ገና አሸንፈው ተመለሱ። መጀመሪያ መንገዱን የከፈተላቸው ጋብቻ ቢሆንም፣ ከወደቁ በኋላ መልሶ ያነሣቸው ፓርቲያቸውና የሕዝብ ድምፅ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1902 ዓ.ም. ያላገኙት ይህን ነበር።

የመንደሩ ድርሻ

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚል ተረት በየአገሩ ይነገራል። ይህን የሚናገር ሽማግሌ የገዛ መንደሩን ቢመለከት ተረቱ እውነት አለመሆኑን ያያል። የሴቶች ማኅበር ሙሴ አላት፤ ዕቁብ ሰብሳቢ አላት፤ ገንዘቡ በአደራ ይጠበቃል፤ ተራ አይዛነፍም፤ የተጣላ ይታረቃል። ሊቀ መንበርነት ከዚህ የተለየ ጥበብ አይደለም፤ ሥፍራው ሰፋ ያለ ብቻ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዐዲ አርቃይ፣ ወደ ዛሪማና ወደ ዳባት አካባቢ በደረሰ ጊዜ ልጅ አዝለው፣ አዛውንት ደግፈው የተሰደዱት በብዛት ሴቶች ናቸው። መከራውን የተሸከመ ሰው ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም በሚመከርበት ሸንጎ ሥፍራ ቢያጣ ምክሩ ጎደሎ ይሆናል።

ሽማግሌዎች ሊያደርጉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሕግ 18 ዓመት ሳይሞላት ልጅ እንዳትዳር ይከለክላል። 18 ዓመት ድምፅ የሚሰጥበት ዕድሜ ነው፤ ለዕጩነት ደግሞ 21 ዓመት ያስፈልጋል። በ14 ዓመቷ ከትምህርት ቤት ወጥታ የተዳረች ልጅ ዕድሜዋ ሲደርስ መብቱን ታገኛለች፤ ጉባኤ የምትመራበትን ትምህርት ግን አጥታዋለች። ልጅን እስከ መጨረሻው ማስተማር የነገይቱን መሪ ማዘጋጀት ነው።

መምህራን ደግሞ የማንንም ፓርቲ ሳይሰብኩ፣ ትምህርት ቤት ከፖለቲካ ወገንተኝነት ነፃ መሆን እንደሚገባው እያሰቡ፣ የምርጫን ሥርዓት ሊያስተምሩ ይችላሉ። የክፍል አለቃ በመምህሩ ፈቃድ መሾሙ ቀርቶ በምስጢር ድምፅ ይመረጥ፤ ወንዶችም ሴቶችም በዕጩነት ይቅረቡ፤ ስብሰባውንም ወንድና ሴት በየተራ ይምሩ። በ12 ዓመቷ በጓደኞቿ ፊት ቆማ የተናገረች ልጅ በ30 ዓመቷ በጉባኤ ፊት ለመናገር አታፍርም።

መምህሩ ተማሪዎቹን የሚጠይቃቸው

1ኛ፤ ፓርቲ ዕጩውን የሚመርጠው ሕዝብ ከመምረጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህስ ለምን ይጠቅማል?

2ኛ፤ እቴጌ ጣይቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን የተወገዱት ምን ስለ ጐደላቸው ነው?

3ኛ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ እንደራሴ ከመሆናቸው በፊት ሥራቸው ምን ነበር?

4ኛ፤ በሹመት የተገኘ ሥልጣንና በጉባኤ ድምፅ የተገኘ መሪነት በምን ይለያያሉ?

5ኛ፤ በመንደራችሁ ማኅበር ወይም ዕቁብ የምትመራ ሴት ካለች ሥራዋን ጠይቃችሁ በክፍል ውስጥ አስረዱ።