ሙሽራዋስ ምን አለች? ሞሊየርና መንግሥቱ ለማ በጋብቻ ኮሜዲ

ስለ ኮሜዲ ስንማር የሞሊየር ስም ሳይነሣ አይታለፍም። ስሙ ይነሣል፣ «የፈረንሳይ ኮሜዲ አባት» ይባላል፣ ፈተና ላይ ይመጣል፣ ከዚያ ይረሳል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የሰውየውን የሥራ ሕይወት አየት አድርገን ከእኛው ከመንግሥቱ ለማ ጎን ለማስቀመጥ እንሞክራለን። ሁለቱም በአንድ ነገር ሰው አስቀዋል፤ በጋብቻ። ለእኛ ትውልድ ግን ከዚህ ውስጥ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ይወጣል። «ጠልፎ በኪሴ»ን ዛሬ አንብበን መሳቅ እንችላለን ወይ?

ሞሊየር የመድረክ ስሙ ነው። የቤት ስሙ ዣን ባቲስት ፖክላን ሲሆን በ1622 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ለንጉሡ ቤት የወንበርና የመጋረጃ ሥራ የሚያቀርቡ ባለሙያ ነበሩ፤ ሥራው ለልጅ የሚተላለፍ ስለሆነ የልጁ እንጀራ ከወዲሁ የተጋገረ ነበር ማለት ይቻላል። እሱ ግን ይህን ትቶ በ1643 ከቤዣር ቤተሰብ ጋር የቴአትር ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰረ፤ ሞሊየርም በዕዳ ታሰረ። ከእስር ሲወጣ ፓሪስን ለቆ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል በየክፍለ ሀገሩ እየዞረ ተጫወተ።

የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ይህን ዘመን ቶሎ ያልፉታል፤ ለእኔ ግን ትምህርት ቤቱ ይኸው ነው። ገበያተኛው የትኛው ቃል ላይ እንደሚስቅ፣ የትኛው ላይ እንደሚያዛጋ ከመጽሐፍ አይገኝም። በ1658 ተመልሶ በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ፊት ሲቀርብ የቡድን መሪም፣ አዘጋጅም፣ ተዋናይም፣ ጸሐፊም ሆኖ ነበር። የሚጽፈውን ራሱ ስለሚጫወተው ቃሉን በራሱ አካል ልክ ይሰፋው ነበር። ሳል ሲይዘው እንኳ ሳሉን «ስስታሙ» ውስጥ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ሰጠው! በየካቲት 1673 እ.ኤ.አ. በሽተኛ ሳይሆን በሽተኛ ነኝ የሚል ሰው ሆኖ እየተጫወተ ሳለ እውነተኛው ሕመም መድረክ ላይ ጣለው፤ በዚያው ሌሊት ሞተ። ተዋናይ ስለነበረ ቤተ ክርስቲያን እንደማንኛውም ምእመን ልትቀብረው አልፈቀደችም፤ የተቀበረው በንጉሡ አማላጅነት በሌሊት ነው። አዝማሪን ጋብዞ እያስዘፈነ ልጁን ግን የማይድርለት ማኅበረሰብ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

ሞሊየር ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። ፀጋዬ ገብረ መድኅን «ታርቲዩፍ»ን እና «የፌዝ ዶክተር»ን ወደ ቋንቋችን አምጥቶልናል። ሆኖም እኛ አገር ኮሜዲን ዋና ሥራው አድርጎ የያዘው ሰው ማን ነው ቢባል ብዙዎቻችን መንግሥቱ ለማን የምንጠራ ይመስለኛል።

መንግሥቱ ተዋናይ አልነበረም፤ ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ነው፤ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀምሶ፣ ከኛ ሰፈር ከቦሌ ብዙም በማይርቀው በኮተቤው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ለንደን ሄዶ፣ በኋላም በሕንድ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ሠርቷል። ታዲያ መድረክ ላይ ሳይቆም ንግግር መጻፍን ከየት ተማረ? መልሱ ያለው ቴአትር ባልሆነ ሥራው ውስጥ ይመስለኛል። የአባቱን ወግ በቴፕ ቀድቶ፣ ከቴፑ ወደ ወረቀት ገልብጦ «መጽሐፈ ትዝታ»ን በ1959 ዓ.ም. አሳተመ። የሰው ንግግር ከነትንፋሹ፣ ከነድግግሞሹ መገልበጥ ምን ያህል ጆሮ እንደሚጠይቅ የሞከረው ያውቀዋል። ሞሊየር በእግሩ የዞረውን መንግሥቱ በጆሮው ዞረው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሞሊየር ሣቅ ብዙውን ጊዜ ከተዋናዩ አካል ይነሣል፤ የመንግሥቱ ግን ከአነጋገር ነው። በ«ያላቻ ጋብቻ» ውጭ አገር ተምሮ የመጣው የትልቅ ሰው ልጅ የቤት ሠራተኛዋን ሲወድ፣ ግጭቱ የዘር ቆጠራ ቋንቋ ከአዲሱ የእኩልነት ቋንቋ ጋር ሲላተም ነው። ርእሱ ራሱ «ያለ አቻ» ከሚለው የመጣ ነው። አቻ ማን ነው? የዘር ነው ወይስ የሐሳብ? ጨዋታው ሁሉ በዚች ቃል ላይ ይዞራል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሞሊየር በ1662 እ.ኤ.አ. «የሚስቶች ትምህርት ቤት»ን አወጣ። አንድ ሸምገል ያለ ሰው ሚስቴ ትማግጥብኛለች ብሎ ስለሚፈራ አንዲት ልጅን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ምንም እንዳታውቅ አድርጎ ያሳድጋታል፤ አድጋ ሊያገባት ነው። ልጅቷ ግን ወጣት ትወዳለች። ውሸት ስላልተማረች ያደረገችውን ሁሉ ለአሳዳጊዋ ፊት ለፊት ትነግረዋለች፤ ያላወቀችው ነገር መሣሪያዋ ሆነ። ሰውየውን ሆኖ የተጫወተው ራሱ ሞሊየር ነው፤ በዚያው ዓመት በሃያ ዓመት ያህል የምታንሰውን አርማንድ ቤዣርን አግብቶ ነበር! ተመልካቹ በማን ላይ እየሳቀ እንደሆነ አስቡት።

«ጠልፎ በኪሴ»ስ? በ1950ዎቹ አጋማሽ የቀረበ ነው፤ እንግሊዝኛውም ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ወጥቷል። ጠለፋውን የሚያቅዱት ባላገሮች አይደሉም፤ የተማሩ የከተማ ወጣቶች ናቸው፣ ለዓይን አፋር ጓደኛቸው ሚስት ሊያመጡለት። እንግዲህ የሚሳቅበት ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ዘመናዊ ነን እያሉ ከአባቶቻቸው ባህል መጥፎውን መርጠው የሚያነሡት ናቸው። ርእሱን ቃል በቃል ብናየው «ጠልፎ» የሚለው ስለ ሌላ ሰው ነው፣ «በኪሴ» የሚለው ግን ስለ ራስ። ጠላፊው አንድ፣ ኪሱ የሌላ። ልጅቷ ኪስ ውስጥ የምትገባ ዕቃ ናት፤ መንግሥቱም ይህን አሽሙር ገና ከሽፋኑ ላይ አስቀምጦታል።

እስካሁን ጥሩ ነው። ግን ተውኔቱ በተጻፈበት ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። ኮሜዲም በልማዱ በሠርግ ያልቃል፤ ከሠርጉ በፊት የተደረገው ሁሉ በእልልታ ይሰረዛል። የሕጉና የኮሜዲው አካሄድ አንድ ዓይነት ነው እኮ! ያኔ አዳራሽ ውስጥ የሳቀው ሰው ይህን ልብ ላይለው ይችላል። እኛ ግን ልብ እንላለን፤ በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፣ ጋብቻውም ጠላፊውን አያድነውም። የዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ «ድፍረት» ፊልም በ2006 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ደግሞ የተጠለፈች ልጅ ፊት ምን እንደሚመስል አይተናል። ፊልሙ ጠላፊዋን ገድላ በተከሰሰች የአርሲ ልጅ እውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «እንግዲያው ተውኔቱ ይቀመጥ» ይላሉ። አልስማማም። ሞሊየርም ያኔ ብልግና ጻፍክ ተብሎ ተወቅሷል። ጨዋታውን አላነሣም፤ በዓመቱ ስለ ወቃሾቹ ሌላ ተውኔት ጽፎ መድረክ ላይ አወጣቸው። «ጠልፎ በኪሴ»ም መጫወት አለበት፣ ዝግጅቱ ግን ከልጅቷ ቢጀምር። ወንዶቹ ሲያቅዱ ተዋናይዋ ቃል ሳትናገር መድረኩ ጥግ ላይ ትቀመጥ፤ ከመንግሥቱ ጽሑፍ አንድ ቃል መቀየር አያስፈልግም። ተመልካቹ በአነጋገራቸው ይስቃል፣ ዓይኑ ግን እሷ ላይ ያርፋል። ለዚህ ደግሞ ፒያሳ ድረስ ሄዶ ትልቅ አዳራሽ መጠየቅ የለብንም፤ የክፍላችን አዳራሽ፣ ጥቂት ወንበሮችና አንድ መብራት ይበቃሉ። የዝግጅት ኮርስ የሚወስዱ ተማሪዎች በሚቀጥለው ሴሚስተር የመጀመሪያውን ትዕይንት ብቻ በሁለት መንገድ፣ አንዴ እሷ ኖራ አንዴ ሳትኖር፣ ቢያሳዩን ሣቁ የት ላይ እንደሚቆም በጆሯችን እንሰማው ነበር።