ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን

ጠያቂ፦ የኔታ፣ እዚህ ኪራሙም ሆነ ነቀምቴ ስለ ገና ክርክር በተነሣ ቁጥር መልስ የማጣለት አንድ ነገር አለ። ወንጌል ጌታ የተወለደበትን ቀን አልጻፈም። ታዲያ ከኅዳር 15 ጀምረን የምንጾመው ምን ይዘን ነው?

የኔታ፦ አለመጻፉ እውነት ነው፣ ልጄ። ሉቃስ የቆጠራውን ትእዛዝም፣ ቤተ ልሔምንም፣ ግርግሙንም ሲያነሣ ቀኑን ዘሎታል። የእኛ አቆጣጠር ግን የሚነሣው ከፅንሱ ነው። መጋቢት 29 ተፀነሰ፣ ታኅሣሥ 29 ተወለደ፤ በመካከሉ 9 ወር ከ5 ቀን አለ። ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን ይተርፋል። ስለዚህ በተከታዩ ዘመነ ዮሐንስ፣ በ2016 ዓ.ም. እንደሆነው ሁሉ፣ ልደት በ28 ይውላል። አየህ፣ በዓሉ ከቀኑ ይነሣል እንጂ የእናት እርግዝና አይነካም። ይህ የታሪክ ማስረጃ ነው አልልህም፤ የእምነት ምስክርነት ነው። አምላክ የሰውን ሥጋ ሲለብስ የማኅፀኑን ጊዜ አላሳጠረም፣ እንደ ማንኛችንም ጠብቆ ተወለደ የሚል ምስክርነት።

ጠያቂ፦ ሥጋን ይህን ያህል ካከበረው፣ ሥጋን በረኃብ መቅጣት አይጣረስም?

የኔታ፦ ቅጣት ቢሆን ይጣረስ ነበር። ጾመ ነቢያት መባሉን አትርሳ፤ ተስፋውን በዓይናቸው ሳያዩ የሞቱት የጠበቁትን እኛም በሥጋችን እንድንጠብቅ የተሠራ ነው። በሐሳብ ብቻ የሚጠብቅ ሰው መጠበቁን ይዘነጋል፤ ሆድ ግን አይዘነጋም። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ያሉት ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ የሚባሉትም ለዚህ ነው፦ መጀመሪያ ትንቢቱ ይሰበካል፣ ቀጥሎ ብርሃን ይለመናል፣ በመጨረሻ እረኛው ይጠራል። ስለ በግ ዋጋ ብቻ እያወራ ታኅሣሥን የሚጨርስ ሰው ይህን ሁሉ ሳይሰማ በዓሉ ይደርስበታል።

ጠያቂ፦ ይሁን። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን ከዚህ ወረዳ ስንቱ ቤቱን ጥሎ ተፈናቀለ። የሚበላው ለሌለው ሰው ጾም ምን ይሉት ነው?

የኔታ፦ እርሱን ጹም የሚለው የለም። የሚጠየቀው ማዕድ ያለው ነው። ኢሳይያስ ራሱ ከምንጾምላቸው ነቢያት አንዱ ሲሆን፣ በምዕራፍ 58 ለተራበ እንጀራውን የማይቆርሰውን ጾመኛ ገሥጿል። ማቴዎስም ሕፃኑ ወደ ግብፅ መሰደዱን ከልደቱ ጋር አያይዞ ጽፎታል፤ ስለዚህ ተፈናቃይን ትቶ ልደትን ማክበር ግማሹን ወንጌል ማንበብ ነው። ይህን የሚናገሩት የእኛ ሊቃውንት ብቻ እንዳይመስሉህ። በሥርዓት ከእኛ የሚለዩት የወለጋው ልጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው በ1964 ዓ.ም. በጻፈችው ደብዳቤ ነፍስን ከሥጋ ለይቶ ማገልገል አይቻልም ብላ ተከራክራለች።

ጠያቂ፦ ተፈናቃዩ የሌላ እምነት ሰው ቢሆንስ?

የኔታ፦ ኢሳይያስ የተራበ አለ እንጂ የማን ወገን እንደሆነ አልጠየቀም። ለገና ቅርጫ ስትገቡ አንድ መደብ ጨምሩ፤ ሥጋችንን የማይበላ ከሆነ ደግሞ ዋጋውን ስጡት፣ የሚበላውን ይግዛበት።