ስለ ባለጠጎችና ስለ ድሆች አገሮች አሰያየም

«ያደጉ አገሮች»፥ «በማደግ ላይ ያሉ አገሮች»፥ «ሦስተኛው ዓለም» ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ብዙዎቻችንም ይህን ስም አብሮን እንደ ተወለደ መልክ አድርገን ተቀብለነዋል። ዳሩ ግን ስሙን ያወጡት ሰዎች ናቸው፤ ያወጡበትም ዘመንና መለኪያው ይታወቃል። (በዚህ ትምህርት የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

«ሦስተኛው ዓለም» የሚለውን ቃል በ1952 የጻፈው አልፍሬድ ሶቪ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። ሦስተኛ ማለቱም ከሁለተኛው ያነሰ ለማለት አልነበረም፤ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ከካህናትና ከመኳንንት በታች ተንቆ የነበረውን ተራ ሕዝብ በማሰብ ነው። እኔም ይህን ሳላውቅ በሕዝብ ፊት ቆሜ «እኛ የሦስተኛው ዓለም ሰዎች» እያልሁ አንገቴን የደፋሁበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ወዲህ ስያሜው በቍጥር ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1971 ከሁሉ ይልቅ ወደ ኋላ የቀሩትን አገሮች በአንድ ዝርዝር ጻፈ፤ ኢትዮጵያም ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች። ከዚህ ዝርዝር ለመውጣት የሕዝቡ ገቢ፥ ጤናውና ትምህርቱ፥ ደግሞም አገሪቱ በድርቅና በንግድ መናወጥ የምትጐዳበት መጠን ይመረመራል። የዓለም ባንክ ግን የሚመዝነው ገቢን ብቻ ነው። በጁላይ 2024 ባወጣው ወሰን መሠረት ለአንድ ሰው በዓመት ከ1,145 ዶላር ያልበለጠ የሚደርሰው አገር ዝቅተኛ ገቢ ያለው፥ ከ14,005 ዶላር በላይ የሚደርሰው ከፍተኛ ገቢ ያለው ይባል ነበር፤ በመካከላቸው ሁለት ክፍሎች አሉ።

እንግዲህ «ለአንድ ሰው ይደርሳል» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ እንመልከት። አሥር በሬ ያለው ባለጠጋና አንድም የሌለው ጎረቤቱ ቢኖሩ፥ ቈጣሪው ደምሮ ሲያካፍል ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት በሬ ይጽፋል። በሒሳቡ ሐሰት የለበትም። ይሁን እንጂ ክረምት ሲገባ ያ ድሀ በአምስት በሬ አያርስም፤ በሬ ለመለመን የሰው ደጅ ይጠናል እንጂ።

ይህ ነገር በአገሮች ላይ ደርሷል። ኢኳቶሪያል ጊኒ በ1990ዎቹ ዓመታት ከባሕሯ ብዙ ነዳጅ ዘይት ስለ ወጣላት አማካይ ገቢዋ እጅግ ከፍ አለ፤ በ2017ም ከድሆች ዝርዝር ወጣች። የወጣችው ግን በገቢዋ ብዛት ብቻ ነው፤ በጤናና በትምህርት የተወሰነውን ልክ ገና አልደረሰችም ነበር። የአልማዟን ገንዘብ ለመንገድና ለትምህርት ቤት ያዋለችው ቦትስዋና በ1994 ከሁሉ ቀድማ ብትወጣም፥ በዚያም በባለጠጋና በድሀ መካከል ያለው ርቀት በዓለም እጅግ ሰፊ ከሚባሉት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ የጋና ነገር ነው። በኖቬምበር 2010 የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሒሳቡን በአዲስ መሠረት እንደ ገና ቢሠራ፥ ጠቅላላው ምርት ቀድሞ ከተጻፈው ከመቶ 60 ያህል በልጦ ተገኘ። ጋናም መካከለኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ጋር ተቈጠረች። በዚያች ሌሊት በማንም ጋናዊ ማዕድ ላይ የተጨመረ እንጀራ አልነበረም።

እንዲህም ሲሆን ስሙ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ1960 የተቋቋመው የዓለም ባንክ የልማት ማኅበር ለድሆች አገሮች በቀላል ወለድ ወይም ያለ ወለድ ያበድራል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2001 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ዝርዝር ካሉት አገሮች ከጦር መሣሪያ በቀር ማናቸውንም ዕቃ ያለ ቀረጥ ያስገባል። አገሪቱ በስም ከፍ ስትል ይህ ሁሉ ቀስ በቀስ ይቀርባታል። ስለዚህ የባለ አሥር በሬው ሀብት አማካዩን ከፍ ሲያደርግ፥ ለበሬ አልባው ጎረቤቱ ይደርስ የነበረው ርዳታ ሊቀንስ ይችላል።

ይህን ጕድለት ያዩ ሰዎች ነበሩ። ማህቡብ ኡል ሐቅ የተባለው ፓኪስታናዊ ሊቅ፥ ከሕንዳዊው ከአማርትያ ሴን ጋር መክሮ፥ በ1990 ዕድሜን፥ ትምህርትንና ገቢን በአንድነት የሚመዝን መለኪያ አወጣ። እርሱም ቢሆን አማካይ ነበር። በ2010 ግን በሕዝቡ መካከል ያለው ልዩነት በሰፋ መጠን ከአገሩ ነጥብ የሚቀነስበት ሌላ ስሌት ተጨመረበት፤ በዚህኛው ስሌት ሁለቱ ጎረቤታሞች አምስት አምስት በሬ እንዳላቸው ሰዎች አይቈጠሩም።