ለስግድ ተጋብዣለሁ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅጅጋ ነው። ጎንደር ያለች ቤተ እስራኤል ጓደኛዬ ለስግድ ጠርታኛለች። ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ እንኳን ተጠራሽ! የቤተ እስራኤል በዓል የሆነው ስግድ ከአስተሥርዮ (ዮም ኪፑር) በኋላ በ50ኛው ቀን ይውላል፤ የሚቆጠረው በጨረቃ ስለሆነ ቀኑን ከጓደኛሽ አረጋግጪ፤ ብዙ ጊዜ ግን ኅዳር ላይ ነው። ጠዋቱ ጾም ነውና በሰው ፊት አትብዪ። ቀድሞ በጎንደር አቅራቢያ ባለችው አምቦበር መንደር ቄሶቻቸው ኦሪትን ይዘው ከሕዝቡ ጋር ተራራ ይወጡ፣ በግዕዝ እያነበቡ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ይጸልዩ ነበር። ያን የኢየሩሳሌም ናፍቆት ሳይረዱ ስግድን ማወቅ አይቻልም። በእስራኤልም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ በዓል ነው።

ከሰዓት በኋላ ጾሙ ሲፈታ ማዕዱ የጋራ ነው። ሥጋ ግን አትውሰጂ፤ የእርድ ሕጋቸው ጥብቅ ነው። ቡናና ፍራፍሬ ይበቃል። ለፋሲካቸው ከጠሩሽ ደግሞ ዳቦ እንዳትይዢ፤ በዚያ ሳምንት የሚበላው ያልቦካ ቂጣ ነው።